የክሊኒኩ ስልኮች፦ ከደብረ ብርሃን የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 3

ሥራውን ዛሬ ተረከብኩ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው፤ ደብረ ሲና ላይ ቅርንጫፍ አለው። ሁለቱ የሚነጋገሩት በኢንተርኔት ስልክ ነው። እዚህ ዘጠኝ፣ እዚያ አራት የጠረጴዛ ስልክ አለ ተባልኩ። ሰርቨሩ ካርድ ክፍል ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ስልኮቹን የሚያገናኝ አስቴሪስክ የሚባል ፕሮግራም ተጭኖበታል። ወደ ውጭ የሚያስደውለው አንድ መደበኛ መስመር ደግሞ ከሰርቨሩ ጋር በምታገናኝ ትንሽ ዕቃ፣ በጌትዌይ፣ በኩል ተያይዟል።

የጠሩኝ በቢል ምክንያት ነው። ባለፈው ወር ማንም የማያውቀው የውጭ አገር ጥሪ ተቆጥሮባቸዋል። ሁሉም ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የተደወለ። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ያሉት ጥበቃውና ተረኛዋ ነርስ ብቻ ናቸው። ሰው እርስ በርሱ መጠራጠር ጀምሯል። ተረኛ የነበረችው ሲስተር ሻይ ይዛልኝ መጣችና እንባዋ ተናነቃት። «እናቴ ያለችው ሞላሌ ነው። ውጭ አገር ማን አለኝና ነው የምደውለው?» አለችኝ።

ኮንፊግ ፋይሉን ስከፍት ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ታየኝ። የውስጥ ቁጥሩ 201 የሆነው ስልክ ፓስወርድ 201። የ202 ፓስወርድ 202። እንዲህ እያለ እስከ 215። ስልኮቹ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገሩበት ደንብ ሲፕ ይባላል፤ የሱ መደበኛ ፖርት (የኔትወርክ በር) የሆነው 5060 ደግሞ ለመላው ዓለም ክፍት ነው። ኢንተርኔት ላይ ሌት ተቀን ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። 100፣ 101፣ 200፣ 201 እያሉ ይሞክራሉ፤ ፓስወርዱንም በዚያው ቁጥር ይጀምራሉ። እዚህ ደርሰው አንኳኩ፤ ተከፈተላቸው።

ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ገለበጥኩት። ሌሊት የደወለው «ስልክ» ራሱን 204 ይላል። አይፒ አድራሻው ግን የክሊኒኩ አይደለም፤ የኢትዮጵያም አይደለም። ያንን ገጽ አትሜ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ሲስተርን ጠርቶ እኔ ባለሁበት ይቅርታ ጠየቃት። ከቀኑ ሥራ ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ከመውጣቴ በፊት በ00 የሚጀምር የውጭ አገር ጥሪ በሙሉ ዘጋሁ። ሌላው ለነገ።

ኅዳር 4

አስቴሪስኩ በጣም አሮጌ ስለነበር ከዜሮ ጀመርኩ። 20ኛውን ሥሪት ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል አደረግሁ። የድሮው ኮንፊግ የተጻፈው ቻን ሲፕ ለሚባለው፣ የሲፕ ስልኮችን ለሚያስተናግደው የአስቴሪስክ ክፍል ነው። እሱ ከ21ኛው ሥሪት ጨርሶ ተወግዷል። ስለዚህ አሁኑኑ እሱን ወደተካው ወደ ፒጄሲፕ ማዞር ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

ፒጄሲፕ ላይ አንድ ስልክ በሦስት ቁራጭ ይጻፋል። ኢንድፖይንት የሚባለው ስልኩ ራሱ ነው፤ ምን ዓይነት ድምፅ ይላካል፣ ወዴት መደወል ይፈቀድለታል የሚለው እሱ ላይ ነው። ኦዝ የሚባለው የተጠቃሚ ስሙና ፓስወርዱ ነው። ኤኦአር የሚባለው ደግሞ ስልኩ አሁን የት አድራሻ ላይ እንዳለ የሚመዘገብበት ነው። ለጀማሪ መጀመሪያ የሚያስቸግረው የኤኦአሩ ስም ነው። ስልኩ ሪጅስተር ከሚያደርግበት (ሰርቨሩ ላይ ከሚመዘገብበት) ስም ጋር ካልገጠመ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ እንኳ 404፣ «አልተገኘም»፣ ይመልሳል። ሰው ፓስወርድ እየቀያየረ ግማሽ ቀን ያቃጥላል።

አሮጌው ፋይል ላይ 15 ኤክስቴንሽን፣ ማለትም የውስጥ ቁጥር፣ አለ። ለሁሉም በስክሪፕት 24 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ፓስወርድ አወጣሁላቸው። ቁጥሮቹን አልነካሁም። ሰው በቃሉ ይዟቸዋል፤ ላብራቶሪ 205 ነው፣ ፋርማሲ 203 ነው።

ኅዳር 5

ውርጩ ዛሬ በረታ። ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ በረዶ ነበር። በጋቢ ተጠቅልዬ ነው ኪቦርድ የነካሁት።

የመጀመሪያውን ስልክ ሪጅስተር አስደረግሁ። የካርድ ክፍሏ ልጅ አጠገቤ ቆማ ሎጉን ስታይ ደነገጠች። «401 አልተፈቀደም ይላል እኮ! ተበላሸ?» አለች። አልተበላሸም። ይሄን ብዙ ሰው ስለሚስተው ላስረዳ።

ስልኩ መጀመሪያ ሲመጣ ባዶ እጁን ነው። «201 ነኝ፣ መዝግቡኝ» ይላል። ሰርቨሩ «401፣ መጀመሪያ ማንነትህን አስረዳ» ብሎ ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንዱ ሪልም የሚባል የቤቱ ስም ነው። ሁለተኛው ኖንስ የሚባል፣ በየጊዜው የሚቀያየር ቃል ነው። ስልኩ የተጠቃሚ ስሙን፣ ሪልሙንና ፓስወርዱን አንድ ላይ ኤምዲ5 በሚባል የሒሳብ ቀመር ይፈጫል። የጥያቄውን ዓይነትና አድራሻ ለብቻ ይፈጫል። ከዚያ ሁለቱን ከኖንሱ ጋር እንደገና ፈጭቶ ውጤቱን ይልካል። ሰርቨሩም ፓስወርዱን ስለሚያውቅ ያንኑ ሒሳብ ይሠራል። ከገጠመ «200 ኦኬ» ይላል። ፓስወርዱ ራሱ ገመዱ ላይ አላለፈም።

ልጅቷን «እንካ ስላንትያ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ሳቀች። ወርዋሪው ቃል ይወረውራል፤ መላሹ ለዚያ ቃል ቤት የሚመታ መልስ ማምጣት አለበት። የትናንቱን መልስ ሰምቶ የሸመደደ ሰው ዛሬ ሌላ ቃል ሲወረወርለት አፉ ይያዛል። ኖንስ ማለት ያ የሚወረወረው ቃል ነው። ወዲያው ገባት።

ግን ልብ በሉ፤ ይሄ ሒሳብ የሚጠብቀው ፓስወርዱን እንጂ ድምፁን አይደለም። ገመዱ ላይ የሚያዳምጥ ሰው ካለ ንግግሩን ይሰማዋል። ፓስወርዱ ደካማ ከሆነ ደግሞ የተፈጨውን ይዞ ሄዶ ቤቱ ቁጭ ብሎ እየገመተ ሊያገኘው ይችላል። 24 ፊደል ያልኩት ለዚህ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ ከኤምዲ5 ይልቅ ሻ 256 በሚባል ጠንካራ ቀመር እንዲሠራ የሚያስችል ደረጃ ወጥቷል። የክሊኒኩ ስልኮች ግን ያረጁ ስለሆኑ አያውቁትም።

ኅዳር 6

ግማሽ ቀን የበላብኝ ስህተት።

ፓስወርዶቹን ፋይሉ ላይ በግልጽ ማስቀመጥ አልወደድኩም። አስቴሪስክ አስቀድሞ የተፈጨውን ብቻ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ፈጭቼ አስገባሁ። ሠራ። ከሰዓት በኋላ ሪልሙ «አስቴሪስክ» ከሚለው መደበኛ ስም ወጥቶ በክሊኒኩ ስም ቢሆን ጥሩ ነው ብዬ ቀየርኩት። ሰርቨሩን እንደገና ሳስነሳው ሁሉም ስልክ ጠፋ። 401፣ እንደገና 401፣ እንደገና 401።

የፒጄሲፕን ሎገር ከፍቼ መልእክቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ስልኩ መልስ እየላከ ነው። ስሙ ልክ ነው። ፓስወርዱን በእጄ እንደገና አስገባሁ፤ ያው ነው። ከዚያ ዓይኔ ሪልሙ ላይ አረፈ። የፈጨሁት በድሮው ሪልም ነው! ሪልሙ ዱቄቱ ውስጥ ገብቷል። ስልኩ በአዲሱ ይፈጫል፣ ሰርቨሩ በአሮጌው የተፈጨ ይዟል። መቼም አይገጥሙም።

ሁሉንም በአዲሱ ሪልም እንደገና ፈጨኋቸው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሪልም መጀመሪያ ቀን ይወሰናል፣ ከዚያ አይነካም። ደግሞም የተፈጨ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ያንን የተፈጨ ነገር የሰረቀ ሰው በዚያው ሪልም ልክ እንደ ፓስወርድ ይጠቀምበታል። ፋይሉ ከአስቴሪስኩ ተጠቃሚ በቀር ለማንም እንዳይነበብ ዘጋሁት።

ኅዳር 8

ደብረ ሲና ወረድኩ። በሚኒባስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ስለወረደ ዋሻው አፍ እስክንደርስ ምንም አይታይም ነበር። በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ግን ፀሐይ ነው፤ ከተማው ታች ተዘርግቶ ይታያል። ጋቢዬን አውልቄ ቆሎ እየቆረጠምኩ ገባሁ።

አራቱን ስልኮች አስተካከልኩ። ይሄን ፓስወርድ በስልኩ ቁልፍ መምታት ሞት ነው። ትልቁን ፊደል ለማግኘት አንዱን ቁልፍ አምስት ጊዜ መጫን አለ። ስለዚህ ላፕቶፔ ላይ ኮንፊግ ፋይል አዘጋጅቼ ስልኮቹ ሲነሱ ራሳቸው እንዲያወርዱት አደረግሁ። የእያንዳንዱ ፋይል ስም የስልኩ ማክ አድራሻ፣ ማለትም ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው የመሣሪያ መለያ፣ ነው።

ይሄ መንገድ ምቹ ነው፤ ግን አደጋም አለው። ፋይሉ ውስጥ ፓስወርዱ አለ። የማክ አድራሻ ግማሽ ደግሞ የአምራቹ መለያ ስለሆነ ይታወቃል። ቀሪው ግማሽ 16,777,216 አማራጭ ብቻ ነው ያለው። በአንድ ካርቶን የተገዙ ስልኮች ቁጥራቸው ተከታታይ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን ይደርስበታል። ስለዚህ ፋይሎቹን ኢንተርኔት ላይ አላስቀመጥኩም። ላፕቶፔ ላይ፣ በግቢው ኔትወርክ ብቻ፣ ሥራው እስኪያልቅ ብቻ። አራቱም ሲመዘገቡ አጠፋሁት። የስልኮቹን የራሳቸውን የአስተዳዳሪ ፓስወርድም ቀየርኩ፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር።

ኅዳር 9

ፌይል ቱ ባን ጫንኩ። የአስቴሪስክን የደኅንነት ሎግ ያነባል። ከአንድ አይፒ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተ ከመጣ ያንን አይፒ ለ10 ደቂቃ ይዘጋል። ቅንብሩን እንዲህ አድርጌ ተውኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጭ ለሚያንኳኩት እየዘጋ ሲሄድ አየሁ። እፎይ አልኩ።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ ሥራ የለም። ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ከተማው በጭስ ታፍኗል። በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። አባቶቻችን በ1911 የገባውን የኅዳር በሽታ እያሰቡ ይዘው የቆዩት ልማድ ነው። አስም ያለበት ሰው ግን ዛሬ ይቸገራል። ከሰዓት ተረኛዋ ሲስተር ደወለች፤ ለኔ በሞባይል። ደብረ ሲና ስልኮቹ አይሠሩም አለች። «ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እንደ መብራት» አለች።

ኅዳር 13

ይመጣል ይሄዳል የሚለው ቃል ከበደኝ። የተበላሸ ነገር ወይ ይጠፋል ወይ ይሠራል። ደብረ ሲና ካርድ ክፍል ያለውን ልጅ ስልኩ ሲመጣና ሲጠፋ ሰዓቱን ወረቀት ላይ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ደቂቃ በደቂቃ ጻፈልኝ።

ከሎጉ ጋር ላስተያየው ስል ሰዓቱ አልገጥም አለኝ። ልጁ 8 ሰዓት ብሏል፤ ሰርቨሩ 11 ይላል። ሰርቨሩ የተቀመጠው በግሪንዊች ሰዓት ነው። የኛ የቀን 8 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 14 ሰዓት ነው፣ በግሪንዊች 11 ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ ሦስት ነው። ሦስት እየደመርኩ ሳነብ ሁሉም ልክ ገባ። ሰርቨሩን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት አዞርኩት።

የልጁ ወረቀት እንዲህ ይላል። ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይሠራል። አሥር ደቂቃ ይጠፋል። እንደገና ሁለት ደቂቃ ተኩል። እንደገና አሥር። አሥር ደቂቃ! ፌይል ቱ ባን ነው። የራሳችንን ቅርንጫፍ እየዘጋሁ ያለሁት እኔ ነኝ።

ደብረ ሲና ያሉት ስልኮች በሙሉ ወደ ኢንተርኔት የሚወጡት በአንድ ራውተር ነው። ከደብረ ብርሃን ሲታዩ ሁሉም አንድ አይፒ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ በየ30 ሰከንዱ በተሳሳተ ፓስወርድ እያንኳኳ ነው። አምስት ጊዜ ሲሞላ ግቢው በሙሉ ይዘጋል። አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ይከፈታል፣ ያ ስልክ ይቀጥላል፣ እንደገና ይዘጋል። አንድ ልጅ ባጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ታሰረ ማለት ነው።

የማን ነው? ሎጉ ስሙን ጽፎታል፤ 207። እኔ ግን 207 የሚባል ስልክ አላየሁም። አሮጌው ፋይል ላይ ከነበሩት 15 አንዱ ስለሆነ ዝም ብዬ አዲስ ፓስወርድ ሰጥቼው አልፌያለሁ። ለማን እንደሰጠሁት አልጠየቅሁም።

ልጁ ግቢውን ሲዞር ጥበቃው ቤት አገኘው። ስልኩን ለጥበቃው ሰጠልኝ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። እዚያ ያለው ስልክ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ። ቻርጀሩ ተቃጥሎ ከነሐሴ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ትናንት የልጄ ልጅ ሌላ አምጥቶ ሰካልኝ። መብራቱ በራ፤ ግን አያስደውልም።»

ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠየቅኋቸው። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት በር ላይ ስትደርስ አዋላጇን የሚቀሰቅሱት በሱ ነበር። ከነሐሴ ወዲህ ግቢውን በሩጫ አቋርጠው መስኮት ይቆረቁራሉ። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል።

ይሄን ስሰማ ዝም አልኩ። ከ13ቱ ስልኮች ሁሉ በላይ መሥራት የነበረበት ይሄኛው ነው። ዝርዝሬ ላይ አልነበረም።

ኅዳር 14

ማታ ተቀምጬ አሰብኩበት። ጥፋቱ ጋሼ ስልኩን መሰካታቸው አይደለም። ጥፋቱ እኔ ቁጥርን እንደ ስልክ መቁጠሬ ነው። 207 ቁጥር ነው። ቁጥር ማንም ሊለው ይችላል፤ ሌሊት ከባሕር ማዶ የደወለውም 204 ነኝ ብሎ ነው። ሰርቨሩ መለየት ያለበት መሣሪያውን ነው። ይሄ ስልክ፣ ይሄ ማክ አድራሻ፣ ይሄ ክፍል፣ ይሄ ፓስወርድ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይለጠፍበታል።

እንደገና ጻፍኩት። የእያንዳንዱ ኢንድፖይንት ስም አሁን የስልኩ ማክ አድራሻ ነው። 203 ሲደወል የትኛው መሣሪያ እንደሚጮህ የሚወስነው ዳያልፕላኑ፣ የጥሪዎቹ መምሪያ፣ ነው። ከውጭ 201፣ 202 እያለ የሚሞክር ፕሮግራም በዚያ ስም የተመዘገበ ነገር አያገኝም። መሣሪያ የሌላቸውን ስሞች በሙሉ ሰረዝኩ። 15 የነበረው 14 ሆነ፤ ከጋሼ ስልክ ጋር። አንድ ኤኦአር ላይ አንድ መሣሪያ ብቻ እንዲመዘገብም ወሰንኩ።

ኅዳር 16

እንደገና ደብረ ሲና። አንድ ማይክሮቲክ ራውተር ይዤ ወረድኩ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ዋየርጋርድ ዘረጋሁ። ቁልፍ ተለዋውጠው የተመሳጠረ ዋሻ ይከፍታሉ፤ የስልኮቹ ወሬ በሙሉ በሱ ውስጥ ያልፋል። ጣርማ በርን በጉም አልፌ መምጣቴ ነው መሰለኝ «ዋሻ» የሚለው ቃል ደስ አለኝ።

በዚህ ሁለት ነገር ተፈታ። አንደኛ፣ 5060ን ለውጭ ዓለም ጨርሶ ዘጋሁት። ደጁ ላይ የሚያንኳኳ የለም። ሁለተኛ፣ በዋሻው የሚመጣ እያንዳንዱ ስልክ በራሱ የውስጥ አይፒ ይታያል። አንዱ ቢሳሳት የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው፤ ግቢው አይታሰርም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ድምፁም ስለተመሳጠረ፣ ለአሮጌዎቹ ስልኮች ቲኤልኤስ የሚባለውን ማመሳጠሪያ የማስገባቱን ጣጣ ለጊዜው ተውኩት። የሕመምተኛ ጉዳይ የሚወራበት መስመር ነው፤ መመሳጠሩ ግድ ነበር።

የጋሼን ስልክ መጨረሻ ላይ አነሳሁ። አቧራውን ጠረግሁ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ መልሼ አጸዳሁት፣ አዲሱን ፋይል አወረደ። ስክሪኑ ላይ 207 ሲመጣ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት። ቁጥሮቹ ደቀው ስላስቸገሯቸው የአዋላጇን ክፍል አንዱ የጎን ቁልፍ ላይ አድርጌ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ተጫኑት። ከማዶ ሕንፃ ሲጮህ መስኮቱ በኩል ተሰማ። «ሲስተር፣ እኔ ነኝ፤ ለሙከራ ነው፤ ተኚ» አሉ፤ ቀን ነበር።

ኅዳር 19

ሦስት ቀን ያለ ምንም ችግር። ሎጉ ላይ የ401 እና የ200 ምልልስ ብቻ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ 14ቱም ራሳቸው ተመለሱ፤ የተዘጋ የለም።

ኅዳር 22

ላብራቶሪ ያለው ስልክ ውኃ ፈሰሰበትና ሞተ። ሆን ብዬ አልሄድኩም። ለካርድ ክፍሏ ልጅ ደወልኩላት። ባለፈው ሳምንት አንድ ደብተር ሰጥቻት ነበር። በየመስመሩ ማክ አድራሻ፣ ክፍል፣ ቁጥር፣ የተሰካበት ቀን ይጻፋል። ፓስወርድ አይጻፍበትም።

የሞተውን መስመር በቀይ ሰረዘች። ከመጠባበቂያዎቹ አንዱን አነሳች፣ ጀርባው ላይ ያለውን ማክ አድራሻ ገለበጠች፣ ያዘጋጀሁላትን ስክሪፕት አስነሳች። የሞተው ስልክ ስምና ፓስወርድ ተሰረዘ፤ ለአዲሱ ሌላ ወጣለት። 205 ወደ አዲሱ ዞረ።

ከ20 ደቂቃ በኋላ ሞባይሌ ጠራ። «ላብራቶሪን ደውዬ አነሱ» አለች። «401 መጣ፤ ከዚያ 200። ደብተሩ ላይም ጽፌዋለሁ።»